ያልታጠበው ሹራብ

ጥቅምት 9

ለውድ አክስቴ፣

ይህ ደብዳቤ እጅሽ ሲገባ ጉልበትሽ በርትቶ፣ አባባም መሀል ቤት ተቀምጠው ሲቆጡ ያግኝልኝ። እሳቸው ከተቆጡ ጤነኛ ናቸው ማለት ነው። እኔ ደህና ነኝ፤ ከናፍቆታችሁ በቀር የጎደለብኝ የለም።

የላክሁልሽን ስልክ ለልብስ ሰፊዋ ጎረቤትሽ ሰጠሻት አሉ። «ስልክ ቃሌን ይቆርጥብኛል፣ ወረቀት ግን እስክጨርስ ይጠብቀኛል» ማለትሽን ሰምቼ ብቻዬን ሳቅሁ። ይሁን፣ እኔም ወረቀት ለምጃለሁ።

ስለ ሥራዬ ጠይቀሽኝ ነበር። ሽቶ የሚቀመምበት ቤት ውስጥ መዛኝ ነኝ። አለቃዬ የሚሉኝን እየሰማሁ ከዚህ ብልቃጥ ጠብታ፣ ከዚያ ብልቃጥ ጠብታ እያልኩ እቀላቅላለሁ። ሽቶውን የሚፈጥሩት እሳቸው ናቸው፤ ሠራተኛው በሌሉበት «ወይዘሮ አፍንጫ» ይላቸዋል። በነገራችን ላይ አፍንጫቸው ትንሽ ናት፣ የሚያመልጣት ነገር ግን የለም። ጠዋት ስገባ ምን በልቼ እንደመጣሁ ይነግሩኛል።

ሽቶ ሦስት ጊዜ ነው የሚናገረው አክስቴ። ገና ሲረጭ የሚሸተው ለገበያ ነው፤ ሎሚና የብርቱካን ልጣጭ፣ የሻጭ ፈገግታ በይው። ቀጥሎ አበባው ይመጣል፤ እሱ ደግሞ ለእንግዳ ነው። ሁሉም ሄዶ ሄዶ በመጨረሻ ልብስ ላይ የሚቀረው ነው እውነቱ። ሰው የሚገዛው የመጀመሪያውን ነው፣ የሚኖረው ግን ከመጨረሻው ጋር ነው። ደግሞ አንድ ነገር አለ፣ ለብቻው ቢሸትሽ አፍንጫሽን ይዘሽ የምትሮጪበት፣ የፍየል በረት በይው። እሱ በመርፌ ጫፍ ካልገባበት አበባው አበባ አይሆንም። እኔ ይህን ሥራ የወደድኩት እዚህ ላይ ነው።

አፍንጫችን ሲደክም ምን እንደምናደርግ ብታይ ትስቂያለሽ። ክንዳችንን አጥፈን የገዛ ክርናችንን ውስጡን እናሸታለን። ሰው የራሱ ጠረን አይሸተውም፣ ለአፍንጫው ባዶ ነው። ባዶውን አሽትተን እንደ አዲስ እንጀምራለን። ወይዘሮ አፍንጫ መጀመሪያ ያስተማሩኝ ይህንን ነው።

አሁን ወደ ልመናዬ ልግባ። እናቴ ስትቀበር አልደረስኩም። ፊቷ ፎቶ ላይ አለልኝ፣ ድምጿም አለልኝ፤ ጠረኗ ግን ጠፋኝ። ሥራዬ ሽታ ማስታወስ ሆኖ የእናቴ ይጥፋብኝ? ልጅ ሆኜ ልተኛ ስል ጆሮዬ ሥር ጎንበስ ብላ በአንድ ስም ትጠራኝ ነበር። እኔና እሷ ብቻ የምናውቀው ስም ነው፤ ቀጥላ «ማንም አይስማን» ትለኛለች። ያን ጊዜ አንገቷ አፍንጫዬ ላይ ነበር። ስሙን አልረሳሁም፣ ሽታውን ረሳሁ። ይህ ያሳፍረኛል፣ እንቅልፍም ይነሳኛል።

ልብስ ተኩሳ ስትመለስ የምትደርበው ግራጫ ሹራብ አለ አይደል? እሱን ላኪልኝ። አትጠቢው፣ ፀሐይ ላይም አታስጪው። በፕላስቲክ ጠቅልለሽ በመንገደኛ እጅ ስደጂልኝ። ከሹራቡ ላይ ሽታዋን ቃርሜ እንደገና እቀምመዋለሁ። አይሆንም አትበይኝ።

የእህትሽ ልጅ፣
አነፍናፊው


ኅዳር 14

ለእህቴ ልጅ፣ ለአነፍናፊው፣

አምላክ ከክፉ ይሰውርህ፤ አፍንጫህንም ከጉንፋን ይጠብቅልህ፣ መተዳደሪያህ እሱ ነውና። እኛ አለን። ክርና መርፌ እንደ በፊቱ በመስኮት እሸጣለሁ፣ አባባም እንደ በፊቱ ይቆጣሉ።

የፍየሉን በረት ለልብስ ሰፊዋ ባነብላት «እኛ በነጻ የምንሸሸውን እነሱ ይሸጡታላ» ብላ እስክታነባ ሳቀች። ስልኩን ስለሰጠኋት አንተን ክፉ አትናገርም፣ አትስጋ።

ሹራቡን ይኸው። ከእህቴ ትከሻ ከወረደ ወዲህ ውሃ የሚባል አልነካውም፣ በአባባ እምልልሃለሁ። የቀረውን ልብሷን አጥቤ ለሰው ሰጠሁት። ይሄን ግን ከእጄ ላወጣው አልቻልኩም ነበር። አንተ ባትሆን አልሰጥም። ከሄደ ወዲህ ትከሻዬን ይበርደኛል፤ ወፈር ያለ ነገር ካገኘህ ላክልኝ። ለአባባ ደግሞ የጉልበት ቅባት።

አባባ ዓይናቸው ከጠፋ ወዲህ ሰው የሚለዩት በእርምጃና በጠረን ነው፤ አንተ አፍንጫህን ከማን እንደወረስክ እወቅ። ልብስ ሰፊዋን ገና በሩን ሳታልፍ «ዛሬ አዲስ ጨርቅ ገብቶልሻል» ይሏታል። ዛሬም ድረስ «ትልቋ መች ነው የምትመጣው?» ይሉኛል። ሞታለች ስላቸው «እንዴ፣ ማን አለሽ?» ይላሉ። እኔ እንግዲህ ትንሿ ነኝ። ፀጉሬ ሸብቶ ትንሿ።

ቀን ጽፌ መጀመሬን ልብ በል። አንተም እንደኔ ነህ፣ ተመስገን። እናትህ ናት ደብዳቤ ላይ ቀን የማትጽፈው። «ምነው?» ስላት «የደረሰው ቀን ያነበዋል» ትለኝ ነበር።

ስሙ ደግሞ ምን ነበር? ስንት ዓመት አንድ ቤት አብረን ስንተኛ እንዴት ሳልሰማ ቀረሁ? ንገረኝና ልሳቅ።

ትንሿ አክስትህ


ጥር 6

ለውድ አክስቴ፣

ጤናና ዕድሜ ከደጃፍሽ አይራቁ። ስለዘገየሁ አትቀየሚኝ፤ የዘገየሁት ባንቺው ሹራብ ነው።

ሹራቡን ሰፊ የመስታወት ዕቃ ውስጥ ከትቼ ከደንኩት። ከሥራ በኋላ እየቀረሁ ክዳኑን ከፈት፣ ሳብ፣ መልሼ ክድን። ከዚያ ከመደርደሪያው እፈልጋለሁ። ሳሙናው ቀላል ነበር። የተላጠ ሽንኩርት ከታጠበ እጅ ላይ የሚቀረውን ማግኘት ግን አንገበገበኝ። ደረቅ እንጨት፣ ትንሽ የብረት ሽታ፣ የአዲስ ክር ጥቅል፣ ከሁሉም ሥር ደግሞ ለብ ያለ ወተት የመሰለ ቆዳ። ስቀላቅል፣ ስደፋ፣ ስቀላቅል ቆየሁ።

አንድ ቀን የማሽተቻውን ወረቀት ከቅይጡ ነክሬ፣ አራግቤ አሸተትኩት። ቤታችን ነበር። የወጥ ቤቱ በር ላይ ሰው ቆሞ የሚያየኝ መሰለኝ። አልደብቅሽም፣ ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ወይዘሮ አፍንጫ በዚያ ሲያልፉ ቆሙ። ወረቀቱን ከእጄ ወስደው አሸተቱና «ይቺ ማን ናት?» አሉኝ። ሰው ሽታ ሲጠይቅ «ይሄ ምንድን ነው?» ነው የሚለው፤ እሳቸው «ማን ናት» አሉ።

«እናቴ ናት» አልኩ።

«በሕይወት አለች?»

«የለችም።»

እንደገና አሸተቱ። «እንግዳ ነገር» ብለው ወረቀቱን ይዘውብኝ ሄዱ።

ለእናንተ አንድ ብልቃጥ ልኬያለሁ። ክፍሏን ዘግተሽ አልጋዋ ላይ እርጪው፣ ጥቂት ጠብቂና አሽቺ። ምን እንደተሰማሽ ሳትደብቂ ጻፊልኝ። ጃኬትና የአባባ ቅባትም አብሮ አለ። የክር ጥቅሉ ነገር ብቻ ገርሞኛል፤ እናቴ ክር አትነካም ነበር፣ መቼም ካንቺ ጋር እየዋለች ይሆናል።

አነፍናፊው


የካቲት 20

ለእህቴ ልጅ፣

ሰላምህ ይብዛ፣ የረገጥከው ሁሉ ይለምልም። ጃኬቱ ደርሷል፤ ሁለት እኔን ይይዛል። ቅባቱም ደርሶ የአባባ ጉልበት ተሻለው፣ አሁን ቤቱን እየዞሩ ነው የሚቆጡኝ።

ስለ ብልቃጡ ግን እውነቱን ልንገርህ። እንዳልከኝ በሩን ዘግቼ አልጋዋ ላይ ረጨሁ። ቆሜ ጠበቅሁ። ምንም። ፊቴን ትራሷ ላይ ደፍቼ በረጅሙ ሳብኩ። ምንም። ውሃ ብቻ ነው የኔ ልጅ። መንገድ ላይ ተቀይሮብህ እንዳይሆን። እህቴን ላገኝ በር ዘግቼ ቆሜ ነበርና በጣም ከፋኝ።

ሌላው ሰው ግን እንደኔ አልሆነም። በማግስቱ ልብስ ሰፊዋ መርፌ ልትወስድ ገብታ፣ በክፍሉ በር ስታልፍ ወደ ውስጥ «እንደምን አደርሽ» ብላ መጣች። እኔ ወጥ ቤት ነበርኩ። ስታየኝ ክው አለች።

«አሁን እዚያ አልነበርሽም እንዴ?»

«የት?»

«እንጃ» አለች፣ «ያለሽ መስሎኝ።» መርፌዋን ሳትወስድ ሄደች።

ውሻችን ሻምበልም ከድቶኛል። ዕድሜ ልኩን እግሬ ሥር የሚተኛ ውሻ አሁን ያ ክፍል ደጃፍ ላይ ነው የሚውለው። ስጠራው ወደኔ ያያል፣ ወደ ክፍሉ ያያል፣ መልሶ ይተኛል።

የባሰው የአባባ ነው። ሽንኩርት ስልጥ «ትንሿ፣ ወንበሩን ወደ መስኮቱ ሳቢልኝ» ሲሉ ሰማሁ። «መጣሁ አባባ» ብዬ እጄን ጠርጌ ብሄድ እህቴ ክፍል ውስጥ ተቀምጠዋል፣ ወንበሩም መስኮቱ ሥር ነው። እንዴት ያለ ከባድ ወንበር እንደሆነ ታውቃለህ።

«ማን ሳበልዎ?» አልኳቸው።

«አንቺ ነሽ እንጂ ማን ይስበዋል።» ከዚያ ፊታቸውን ወደኔ አዙረው አፍንጫቸውን ነፋ ነፋ አደረጉና «ይቺ ደግሞ ማን ናት?» አሉ። የጠየቁት እኔን አይደለም። አልጋውን ነው የጠየቁት።

እስቲ አንተ የተማርከው ንገረኝ። የእሷ ሽታ ከሆነ «ትልቋ» ነበር ማለት የነበረባቸው። ለምን በኔ ስም ይጠሯታል? እኔ በዚያ በር ማለፍ እየፈራሁ ነው።

ስሙንም አልነገርከኝ።

ትንሿ


የካቲት 27

ለውድ አክስቴ፣

ደስታ ከቤትሽ አይጥፋ። መልስሽ ገና አልደረሰኝም፤ ግን የያዝኩት ወሬ አላስቀምጥ ስላለኝ ቀደምኩሽ።

ወይዘሮ አፍንጫ ያንን ወረቀት ኪሳቸው ውስጥ ይዘው ሰንብተው ቢሯቸው አስጠሩኝ። ቀመሩን ጠየቁኝ፣ ሰጠሁ፣ ፈረምኩ። እንግዲህ የእናቴ ሽታ ሱቅ ሊገባ ነው። «ቤት ያለች» ብለው ሰየሙት። ለሙከራ የወሰዱት ሱቆች ከወዲሁ ጨምሩልን ብለዋል። የገዙት ሰዎች አንድ ዓይነት ነገር ነው የሚሉት፤ «ብቻዬን ስሆን ሰው ያለ ይመስለኛል።» ሽቶ ለሌላ ሰው አፍንጫ ነው የሚረጨው ሲባል ነው የኖርነው። ለካ ብዙ ሰው የሚረጨው ማንም በማይገባበት ክፍል ውስጥ ነው። ይህን ሳስብ ሆዴ ይባባል፤ እኔም አንዱ ነኝና።

ቅዳሜ ሥራ የለኝም። ምሳ በልቼ ትራሴ ላይ ረጨት አደርግና ጋደም እላለሁ። ስነቃ ወንበር ላይ የጣልኩት ሸሚዝ ታጥፎ ነው የማገኘው፣ እጅጌዎቹ ወደ ውስጥ ገብተው፣ አንገቱ ተገልብጦ። እንዲህ የሚታጠፈው እኛ ቤት ነው። መጀመሪያ እኔው አጥፌ የረሳሁት መሰለኝ፤ ሲደጋገም ግን አወቅሁ። አልፈራሁም። «እማዬ» አልኩ። የመለሰልኝ የለም፣ ክፍሉ ግን ባዶ አልነበረም።

አንቺ ጋስ መጣች? ጻፊልኝ።

አነፍናፊው


ሚያዝያ 3

ለእህቴ ልጅ፣

ጤናህን ያብዛልህ። መጻፍ ስለከበደኝ ነው የቆየሁት፤ ብዕሩ ከእጄ ይወድቃል።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ እንቅልፍ እንደ ድንጋይ ይጥለኛል። ተኝቼ አንተ ክፍል ነኝ። ቧንቧህን በቢጫ ፕላስተር ጠቅልለህ ትተኸዋል፤ ይንጠባጠባል፣ ምነው ሰው ጠርተህ ብታሠራው? አልጋህ ግድግዳ ተጠግቷል፣ ብርድ ይመታሃል። ሸሚዝህን ያጠፍኩልህ እኔ ነኝ። እናትህ የልብስ ተኳሽ ነበረች፣ እጅጌ ወደ ኋላ ነው የምትመልሰው። ወደ ውስጥ የማስገባ እኔ ነኝ፣ እሷም በዚህ ስትቆጣኝ ነው የኖረችው። «እማዬ» ስትል ሰምቼሃለሁ። እኔ ነኝ ልልህ ፈለግሁ፣ አፍ አልነበረኝም።

አሁን ደግሞ ቅዳሜ መሆኑ ቀርቷል። ሱቅ ሊገባ ነው ያልከኝ ደብዳቤ ከደረሰ ወዲህ ቆሜም ይወስደኛል። ትናንት መስታወት ያለው ሊፍት ውስጥ ነበርኩ። የአንዲት ልጅ አንገት ላይ ነኝ፣ የደም ሥሯ ሲመታ ይሰማኛል። ለሥራ ፈተና የምትሄድ መሰለችኝ፣ ፈርታለች። «አይዞሽ» አልኳት። ትከሻዋን ቀና አደረገች። ስነቃ የልብስ ሰፊዋ ልጅ መስኮቱ ላይ ቆማ «ሰው የለም እንዴ?» እያለች ትጣራለች። እኔ ፊት ለፊቷ ተቀምጫለሁ። ድምፅ አውጥቼ ሳናግራት ዘለለች።

ሻምበል ትናንት አጉረመረመብኝ። በእጄ ያሳደግኩት ውሻ፣ አሽትቶኝ እንደ ባዕድ ጥርሱን አሳየኝ። ለማስመሰል ስቄ ወደ ክፍሌ ገባሁ፣ እዚያ ግን አለቀስኩ።

አንድ ነገር ልለምንህ። ሹራቡን ከጨረስክበት መልስልኝ። እህቴ ከተቀበረች ቀን ጀምሮ ላንተ እስክልከው ድረስ ከላዬ አላወለቅሁትም ነበር፤ ስሠራም፣ ስተኛም። እሷ ያቀፈችኝ ይመስለኝ ነበር። አሁን ጃኬትህን ደርቤም ይበርደኛል።

ትንሿ


ሚያዝያ 25

እትዬ፣

ሰላምታውን ዛሬ ልለፈው።

ሹራቡን መልበስሽን አልነገርሽኝም፤ እኔም አልጠየቅኩሽም። አትጠቢው አልኩ እንጂ አትልበሺው አላልኩም። እንዲህ ያለውን የሚያስበው ሽታ የሚቀምም ሰው ነው፣ እኔ ነበርኩ ማሰብ የነበረብኝ። የተለበሰ ልብስ የሚይዘው የመጨረሻውን ሰው ነው። የክሩ ጥቅል አንቺ ነሽ። ሽንኩርቱ አንቺ ነሽ። ብልቃጡ ውሃ ሆኖ የሸተተሽ ውሃ ስለሆነ አይደለም። ሰው የራሱ ጠረን አይሸተውም፣ ራሴው ጽፌልሽ ነበር። ደብዳቤሽን ከአንድ ጊዜ በላይ አንብቤ ነው የገባኝ። በዚያ ብልቃጥ ውስጥ ያለሽው አንቺ ነሽ፤ እኔ በረጨሁ ቁጥር ከቤትሽ እየወሰድኩሽ ነበር።

ወይዘሮ አፍንጫ ዘንድ ሄጄ «አቁሙልኝ» አልኳቸው።

«ሱቅ ገብቷል» አሉ።

«እናቴ አይደለችም። አክስቴ ናት፣ በሕይወት ናት።»

መነጽራቸውን አወለቁ። «በሕይወት አለች ወይ ብዬ የጠየቅሁህ ለዚህ ነበር። የሞተ ሰው ሽታ እንዲህ ቀጥ ብሎ አይቆምም።»

«ካወቁ ለምን ወሰዱት?»

«የቆመ ስለሆነ ነዋ» አሉኝ፤ ክንዳቸውን አጥፈው ክርናቸውን አሽትተው ወደ ሥራቸው ዞሩ።

ወደ ቤት ስመለስ ከፊቴ የምትሄድ ሴት ሸተተችኝ። ሳላስበው «እትዬ» አልኩ። ሳትዞር ቆመች። እጇን አንገቷ ላይ አድርጋ «አነፍናፊው» ያለች መሰለኝ፣ ባንቺው ድምፅ። ከዚያ እንደ ነቃ ሰው ዞራ «ይቅርታ፣ እኔን ነው?» አለችኝ። የማላውቃት ሴት ነበረች። መንገድ መሀል ቆሜ ቀረሁ።

የኔን ብልቃጥ መታጠቢያው ገንዳ ውስጥ ደፍቼዋለሁ። አንቺም ያንን ድፊው። ሹራቡን ዛሬውኑ በመንገደኛ ልኬያለሁ። ሲደርስሽ ልበሺው፣ አታውልቂው። ካንቺ የቀረ ነገር ካለ እሱ ላይ ነው። እባክሽ እትዬ፣ እናቴን አንዴ አጥቻለሁ፣ አንቺን ደግሞ በገዛ እጄ አላጣም።

አነፍናፊው


ሰኔ 1

ለእህቴ ልጅ፣

ተባረክ፣ ክፉ አይንካህ። በራስህ ላይ አትፍረድ። እኔም ሹራቡን የለበስኩት ናፍቄ ነው፣ አንተም የጠየቅኸው ናፍቀህ ነው።

ብልቃጡን ስትደፋ የነበርኩ ይመስለኛል። ጠባብ ነበር፣ ቀዝቃዛ፣ ጨለማ። ወደ ታች ስሄድ ብዙ ቆየሁ። ስለዚህ የኛን አልደፋሁትም፣ ፈራሁ።

አሁን በስንት ሰው አንገት ላይ እንዳለሁ አላውቅም። ደስ አይልም አልልህም። ከገበያው ማዶ ሄጄ የማላውቅ ሰው ባሕር አየሁ። ሙሽራ አቀፈኝ። አንዲት ሴትዮ ደግሞ ማንም በሌለበት ክፍሏ ትራሷ ላይ ረጭታኝ ስታለቅስ አብሬያት ቆየሁ። ሰው ብቻውን ሲሆን እንዴት እንደሚያሳዝን አላውቅም ነበር።

የሚያሳስበኝ አባባ ናቸው። ሾርባ ይዤ ስገባ አፋቸውን ይገጥማሉ። «ከማላውቀው ሰው እጅ አልበላም» ይላሉ። ትንሿ ነኝ ስላቸው «ትንሿማ ይቺው አጠገቤ» ይላሉ። እሷ ወንበር ትስብላቸዋለች፣ ሾርባ ግን አታቀርብላቸውም። ከስተዋል፤ ቀበቷቸው አልይዝ ብሏል። በልብስ ሰፊዋ እጅ ልሞክር ብል፣ እሷ ደግሞ እዚህ ቤት መግባት ትታለች። አባቴ እኔ ቤት ውስጥ እያለሁ ሊራቡብኝ ነው፤ ከዚህ የበለጠ የምፈራው የለኝም።

ሹራቡ አልደረሰም። በሩን ሳይ ነው የምውለው። የኔ ነገር ቢቀርም እንኳ፣ አባባ የሚያውቁት አንድ ጠረን ይዞልኝ ቢመጣ በቃኝ።

ስሙን አሁንም አትነግረኝም? እሺ፣ ተወው። የእናንተው ይሁን።

ትንሿ


ጤዛዬ፣

ማንም አይስማን።

ሹራቡ ደረሰ። መንገደኛው ደጃፍ ላይ አስቀምጦ፣ ሰው ያለ ስላልመሰለው ሄደ። ለበስኩት። መጀመሪያ ምንም አልነበረም። ከዚያ ከአንገቱ ሥር ሞቀኝ፣ ካውያ አጠገብ ስቆም እንደሚሞቀኝ። አንተ ከላይ ያለውን ሁሉ ቃርመህ ወስደኸው፣ ከሥር የነበረው ብቻ ነው የቀረው።

ሻምበል መጥቶ እጄን አሸተተና ጅራቱን ቆላ። አባባ ቀና ብለው «ትልቋ» አሉ። «እስካሁን የት ቆየሽ?»

«ሥራ በዝቶብኝ ነው አባባ» አልኳቸው። ሾርባቸውን ጠጥተው ጨረሱ፣ ጨው አንሷል ብለውም ተቆጡ። አታስብ፣ ከእንግዲህ አይራቡም።

ልብስ ሰፊዋ በመስኮት አየችኝ። እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቆመች፣ ከዚያ ሮጠች። ቀብሬ ላይ የቆመች ሰው ናት፣ አልፈርድባትም።

ቧንቧህን አሠራው። ሸሚዝህን ደግሞ እጅጌውን ወደ ኋላ እጠፈው፤ ወደ ውስጥ ሲገባ ይጨማደዳል፣ ስንቴ ልንገራችሁ።

አባባ አሁን የሚጠይቁኝ ስለ ትንሿ ነው። ክፍሉ ውስጥ የነበረችውም የለችም፤ ብልቃጡ ሳይከፈት ደርቋል። «መች ነው የምትመጣው?» ይሉኛል። «ወጣ ብላ ነው» እላቸዋለሁ። «እሷ እንኳ መውጣት አታውቅም ነበር» ይላሉ።

መንገድ ላይ ካገኘሃት፣ በሊፍትም ይሁን በሱቅ፣ በማታውቀው ሰው አንገት ላይም ቢሆን፣ ዝም ብለህ አትለፋት። ቆም በልና ሰላም በላት። ብርድ አትችልም። የላክህላት ጃኬት በሩ ላይ ተሰቅሎ እየጠበቃት ነው በላት።

እናትህ